የንፍሮ ማሳ

በቦሩ ጨፌ ቀኑን የሚከፍትልን የእርሻ ማዕከሉ ድምፅ ነው። የሴት ድምፅ ነው፤ አይቸኩልም፣ አይቆጣም፣ ጉንፋን ይዞት አያውቅም። "እንደምን አደራችሁ የቦሩ ጨፌ ነዋሪዎች። በኩታ ገጠማችሁ የስንዴውን ፕሮቲን የሚሠሩት የግሉቴኒን ዘረመሎች ትናንት በመልካም ሁኔታ ነቅተዋል። ግሊያዲን ገና እያንቀላፋ ነው። ረፋዱ ላይ ጠብታ ይወርዳል፤ የተሰጣ ልብስ ያላችሁ አስገቡ።" እኛም ልብሳችንን እናስገባለን። ጎረቤት ለጎረቤት እንዴት አደርሽ የምንባባለው ከዚያ በኋላ ነው።

ስሜ ኤልዳና ነው። እናቶቻችን እንዲህ ያለ ስም ሲያወጡልን ዕድሜ ልካችንን ሕፃን የምንሆን መስሏቸው ነበር መሰለኝ፤ ይኸው ዛሬ የመንደሩ ባልቴቶች ስም ኤልዳና፣ ሶሊያና፣ ማክቤል ሆኖ ቀርቷል። ገበሬ እባላለሁ፣ ማረሻ ያየሁት ግን በሥዕል ነው። ከጭላሎ ግርጌ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ስንዴ አንድ ወጥ ነው። ድንበር የለውም፤ የየቤቱን ድርሻ ለይቶ የሚያውቀው ማዕከሉ ነው። የእኛ ሥራ ጠብታችንን መጠበቅ፣ ሲወርድ ማየት፣ ከወረደ በኋላ ስልካችን ላይ "ወርዷል" የሚለውን መንካት ነው። ጠብታ አባቶቻችን ዩሪያ ይሉት የነበረው ማዳበሪያ ነው። እነሱ በጆንያ ተሸክመው በእጃቸው ይበትኑት ነበር አሉ፤ አሁን በሰማይ መጥቶ፣ ለእያንዳንዱ ቤት ተለክቶ፣ ያለ ድምፅ ይወርዳል።

ከጠብታዎቹ ሁሉ ትልቁ የዛላ ጠብታ ነው። ስንዴው ዛላ ሲያወጣ ይወርዳል፤ በፍሬው ውስጥ ፕሮቲን የሚያከማቹትን ዘረመሎች የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። የመንደራችን ጠብታ መዳቢ የነበሩት ጋሼ ናሆም ይህን ነገር ሲያስረዱ፣ ስንዴ እንደ ልጅ ነው፣ በሕፃንነቱ ያበላኸው ቁመት ይሆነዋል፣ በጉርምስናው ያበላኸው ጠባይ ይሆነዋል ይሉ ነበር። የዛላ ጠብታ ያገኘ ስንዴ ጠባዩ ብርቱ ነው። ፍሬው ብርሃን ላይ ሲያዩት እንደ ጠርሙስ ያሳልፋል፣ ሲሚንቶ ላይ ሲጥሉት ይነጥራል፣ ቢቀቅሉት አይለሰልስም። ያላገኘው ቁመቱ ቢያምርም ፍሬው ነጭና ዱቄታም ነው፤ የመኮሮኒ ፋብሪካው ደጁን አያስረግጠውም። የኛ ስንዴ መኮሮኒ ሆኖ የት እንደሚሄድ አናውቅም። መርከብ ላይ ይጫናል ይባላል። እኛ የምንበላው በካርቶን ታሽጎ የሚመጣልንን ነው፤ እሱም አይከፋም። ልጆቻችን ስንዴ እንዲሁ በፍሬው እንደሚበላ ሲነገራቸው ይስቃሉ።

ማንም ቅር አላለውም ነበር። ያስቸገረን ንፍሮ ብቻ ነው።

ከቀብር መልስ እጅን ተለቃልቆ ንፍሮ መቅመስ አልቀረም። ድንኳኑ ዛሬ ቁልፍ ሲነኩት በራሱ ይቆማል፣ የእድሩ ጡሩምባ የሚነፋው በየሰው ስልክ ውስጥ ነው፣ ንፍሮ ግን ንፍሮ ነው። አንድ ጊዜ በምትኩ መኮሮኒ ቀርቦ ያውቃል። ሰው በልቶ ሲወጣ ሠርግ ቤት የዋለ መስሎት እርስ በርሱ ተፋፈረ። ያ ነገር ዳግመኛ አልተሞከረም።

እንግዲህ የእማማ ሜሮን ለቅሶ የዚያን ሰሞን ነው። እማማ ሜሮን የኦብሳ እናት ናቸው፤ ኦብሳ ከኔ ቤት ቀጥሎ ያለው፣ ብቻውን የሚኖር፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እናቱ አልጋ ላይ ሲውሉ ጋሼ ናሆም ዘንድ ሄዶ፣ ከድርሻዬ አንዲት ጥግ የዛላ ጠብታ ሳይነካት ትቅርልኝ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ለስላሳ ስንዴ ላግኝ ብሎ ለመናቸው። ጋሼ ናሆም እምቢ አሉት። ሰውዬው ክፉ አልነበሩም፤ ሕግ የሚያስፈራቸው ሰው ነበሩ። ለአንድ ሰው ሞት ብዬ የሕዝብ ስንዴ አላስጥልም ነበር መልሳቸው። እማማ ሜሮን ሞቱ። ያለውን ስንዴ ሌሊቱን ዘፍዝፈን፣ ቀኑን ሙሉ ቀቅለን አቀረብን። በየሰሃኑ ላይ ሲጨለፍ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ተንኳኳ። አንድ ሽማግሌ ጥርሳቸው ወለቀ፤ ቀልደኞቹ "ለሟች ሳይለቀስ ለጥርስ ተለቀሰ" አሉ። ሌሎቻችን ለወጉ እፍኝ ያዝን፣ እንደያዝነው ወጣን፣ መንገድ ዳር ጣልነው። ኦብሳ ከድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ሁሉን ያይ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼ ናሆምን ሰላምታ አልነፈጋቸውም፤ ከሰላምታ የተረፈ ቃል ግን አልሰጣቸውም። እሳቸውም ይቅርታ ማለት የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። ከራሳቸው ድርሻ ወንዙ ዳር ያለችውን ቁራጭ ለይተው ለእድሩ ሰጡ። የእድሩ ዳኛ ስለነበሩ ማዕከሉ ላይም በስማቸው ተቀመጠች። እዚያች ቁራጭ ላይ አንድም ጠብታ አይወርድም፤ ፍሬዋም ፋብሪካ አይሄድም። በዚያ ሁሉ ጥቁር አረንጓዴ መካከል ቢጫ፣ ቀጭን፣ የተራበች ሆና ትታያለች። መንገደኛ ሲያልፍ የታመመች ትመስለዋለች። እኛ ግን የንፍሮ ማሳ እንላታለን፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ቀበሌ የሞተ ሰው ሁሉ የተለቀሰው በእሷ ስንዴ ነው።

አምና ክረምት ሊወጣ ሲል ጋሼ ናሆም ራሳቸው አልጋ ያዙ። ጉበታቸው ነው። አዳማ ሆስፒታል ወስደናቸው ነበር፤ ቤትዎ ይሻልዎታል ብለው መለሷቸው። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ በየትኛውም ዘመን ያለ ሰው ያውቀዋል። ሥራቸውን ማዕከሉ ራሱ ወሰደው። ሚስታቸው ሲፈን የልብ ወዳጄ ናት፤ የሆነውን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ትራሱን ስታስተካክልላቸው እጇን ያዟት።

"ምንም አደራ አልልሽም" አሏት። "ብቻ ንፍሮዬ እንዳይንኳኳ።"

እሺ አለች። እሺ ማለቷ ቀላል ነበር፤ ማሳዋ አለች፣ ቢጫ ናት፣ ዛላ ልታወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ወደ ወንዙ ዳር ትወርዳለች። ስንዴው ስለገረጣ ደስ የሚላት ገበሬ በዓለም ላይ ሲፈን ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ስትመለስ ባሏ "ማሳዋስ?" ይሏታል። "ቢጫ ናት" ትላለች። "እሰይ" ይላሉ።

አሁን ስለ ደቦ መናገር አለብኝ። ድሮ ሰው ሲታመም መንደሩ ወጥቶ ያርስለት፣ ያጭድለት ነበር። አሁን የሚታረስም የሚታጨድም በእጅ የለም። ስለዚህ ደቦ የምንወጣው በጠብታ ነው፤ የራሳችንን ድርሻ በታመመው ሰው ስም እናዞረዋለን። ስልኩን አንድ ጊዜ መንካት ነው። ማዕከሉ የሰጪውን ስም አይናገርም፤ ሰጪውም አይናገርም። ሰጠሁ ማለት ነውር ነው፣ ሰጠህ ወይ ብሎ መጠየቅ ደግሞ የባሰ ነውር ነው።

የዛላ ጠብታ የሚወርድበት ሳምንት ሲደርስ እኔም የራሴን አዞርኩ። ያሰብኩትን ልንገራችሁ፦ ጋሼ ናሆም ዕድሜ ልካቸውን ጠብታ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ለዚህ አበዛህ፣ ለዚያ አሳነስህ ሲባሉ የኖሩ። ማን ይሰጣቸዋል? ሰው ሁሉ ቂም አለው። ቢያንስ እኔ ልስጥ አልኩ። የኔ ማሳ አንድ ዓመት ቢለሰልስ በአማካዩ ውስጥ ይጠፋል፣ ኩታ ገጠሙ አይወድቅም ብዬ ነው። ከኔ ወዲያ ያለችው ሶሊያናም እንዲሁ አሰበች። ከሷ ወዲያ ያለውም። መንደሩ በሙሉ፣ እያንዳንዱ ቢያንስ እኔ እያለ፣ የዛላ ጠብታውን አንስቶ በአንድ ሰው ስም ላይ አፈሰሰው። የንፍሮ ማሳም በእሳቸው ስም መሆኗ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም።

ጠዋት ድምፁ እንደተለመደው ተናገረ። "በቦሩ ጨፌ ኩታ ገጠም የዘረመሎቹ ንቃት አማካይ መልካም ነው።" እውነቱን ነው፣ አማካዩ መልካም ነበር። የተሰጣ ልብሳችንን መልሰን አወጣን።

ልዩነቱን ያየችው ሲፈን ናት። ጥቂት ቀን ቆይታ ወደ ወንዙ ስትወርድ ማሳዋ አረንጓዴ ሆና ጠበቀቻት። ቅጠሏ ሰፍቶ፣ ዛላዋ ቀና ብሎ፣ ከአካባቢው ሁሉ አምራ። ሲፈን መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያን ያህል ለምለም ነገር አይታ እንዲያ የደነገጠች ሰው አላውቅም።

ማዕከሉ ቢሮ ሄደች። እዚያ የምትቀመጠው ባለሙያ ወጣት ናት፣ ሰው አክባሪ ናት። እንኳን ደስ ያለዎት፣ ማሳዎ አገገመችልዎት አለቻት። ሲፈን ጠብታው እንዲወጣላት ጠየቀች። ልጅቷ አዝና፣ አንዴ የነቃ ዘረመል ተመልሶ እንደማይተኛ፣ ፕሮቲኑ ፍሬው ውስጥ መግባት እንደጀመረ አስረዳቻት። ማን እንደላከው ለመንገር ደግሞ ሕጉ አይፈቅድላትም። ሻይ ልጋብዝዎት አለቻት። ሲፈን ሻዩን ሳትጠጣ ወጣች።

ማንን እንደጠረጠረች መገመት አይከብድም። በእናቱ ለቅሶ ንፍሮ የተንኳኳበት ሰው ማነው? ንፍሮ የማይበስለው በምን እንደሆነ አጥርቶ የሚያውቅ ማነው? ይህን ያደረገው ቂመኛ ነው፣ ደቦ መስሎ መጥቶ ነው የወጋኝ አለችኝ። እኔም የራሴን ጠብታ እያሰብኩ ዝም አልኩ። አንድ ጠብታ ያን ሁሉ እንደማያደርግ አውቃለሁ፤ የኔዋ ደግሞ ለንፍሮ ማሳ ሳይሆን ለታመመ ሰው የተላከች ናት ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሲፈን በመጨረሻ ነውሩን ተሻገረችና ኦብሳን መንገድ ላይ አስቁማ ጠየቀችው።

"ጠብታ ልከህ ነበር?"

"አላክሁም፣ እትዬ" አላት። ደገመው። "አላክሁም።"

አላመነችውም። ቀና ብሎ ሳያያት ስለመለሰላት የባሰ አላመነችውም።

ለባሏ አልነገረችም። ጠዋት ጠዋት ወርዳ ያንን የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ታያለች፣ ትመለሳለች። "ማሳዋስ?" ይሏታል። "ቢጫ ናት" ትላቸዋለች። "እሰይ" ይላሉ። በአርባ ዓመት ትዳር ውስጥ የዋሸችው ይህንን ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። እሱን እንኳ አላመንኳትም፤ ግን ስትነግረኝ ታለቅስ ነበር።

አጨዳው ደረሰ። ፋብሪካው እንደ ማዕከሉ አማካይ አያይም፤ የየቤቱን ጆንያ ይመረምራል። የኩታ ገጠም ሕግ ደግሞ ሲያልፍ አብሮ ማለፍ፣ ሲወድቅ አብሮ መውደቅ ነው። ጠዋት ድምፁ ተናገረ፤ አሁንም አልተቆጣም። "የቦሩ ጨፌ ስንዴ ለመኮሮኒ አይሆንም። ምርታችሁ ወደየቤታችሁ ይመለሳል። የሚቀጥለውን ዘመን በክትትል ሥር ትቆያላችሁ። መልካም ቀን።" ጆንያዎቹ ተመልሰው በየደጃችን ተራገፉ። ሳሎናችን ውስጥ ደረደርናቸው፤ ስንዴ ላይ ተቀምጠን ስንዴ ላይ ተደግፈን ዜና እናያለን።

የዚያን ሰሞን መንደሩ ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ። ሰው ከሰው ዓይን ይሸሻል። እኔ ኩታ ገጠሙን የጣልኩት እኔ ነኝ ብዬ ከቤት መውጣት አስጠላኝ። ሶሊያና ጉንፋን ነው ብላ ተኛች። ከወንዙ ወዲያ ያለው ሰው ያለ ምክንያት ለሁሉም ሲላላክ ሰነበተ። እያንዳንዱ መንደሩን ብቻውን የጎዳ መስሎት አፈረ፤ ሰጥቼ ነው እንዳይል ደግሞ ነውር ነው። ከበደል ይልቅ ደግነት ሰውን እንዲህ አንገት ሲያስደፋ ያየሁት ያኔ ነው።

ጋሼ ናሆም ያረፉት በዚያው ሳምንት ነው። ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ መስኮቱን አልፋ አልጋቸው ላይ ስታርፍ። ከዚያ በፊት ስለ ማሳዋ ጠይቀው ነበር፣ ሲፈንም እንደ ወትሮው መልሳላቸው ነበር። እሰይ ማለታቸውን ግን አልሰማችም፤ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ስልኮቻችን ውስጥ ጡሩምባው ተነፋ። ድንኳኑ ቆመ። ሲፈን እንባዋን ጠርጋ፣ የንፍሮ ማሳዋን ስንዴ ራሷ ዘፈዘፈች፣ በማግስቱ ራሷ ጣደች። አይሆንም ስንላት አልሰማችንም። ከቀብር ስንመለስ ክዳኑን ከፍታ በማንኪያ ብታማስለው ተንኳኳ። ድስቱ አጠገብ ተቀምጣ ማማሰሉን አላቆመችም።

"አንድ ነገር ነው የለመነኝ" አለችኝ። "ኤልዳና፣ አንድ ነገር።"

ያን ጊዜ ነው የራሴ ድስት ትዝ ያለኝ። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅን አይኬድምና እኔም ከተመለሰልኝ ጆንያ ላይ ቀንሼ ጥጄ ነበር፤ ሳልቀምሰው ነው የወጣሁት። ቤቴ ገብቼ ክዳኑን ሳነሳ ንፍሮው ፈንድቶ ነጭ ሆዱ ይታያል። በጣቴ ስይዘው ልስልስ አለልኝ። ደስ ከማለቱ በፊት አሳፈረኝ፤ ይህን ይዤ ብገባ መስጠቴ ሊታወቅ ነው። ይታወቅ አልኩና ተሸክሜ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ሶሊያና የተሸፈነ ሰሃን ይዛ አየኋት። እሷም እኔን አየችና ሰሃኑን ወደ ጎኗ አዞረች። ከወንዙ ወዲያ የሚመጣውም ድስት ይዟል። በየበሩ ሰው በፎጣ የተሸፈነ ነገር ታቅፎ ይወጣል፣ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ሲፈን ፊት አንድ በአንድ አስቀመጥነው። አንዱን ቀመሰች፣ ለስላሳ ነው። ሁለተኛውን ቀመሰች። ሦስተኛውን ቀምሳ ቀና ብላ አየችን፤ የየቤቱ ንፍሮ የሰጪውን ስም እየተናገረ ነበር። ማን እንደሰጠ አልጠየቀችም። የእያንዳንዳችንን ፊት እያየች፣ ከእያንዳንዱ ሰሃን እየቆነጠረች ታለቅሳለች። እኛም አለቀስን። ለጋሼ ናሆም ይሁን ለራሳችን አላውቅም።

በድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ በላ። እንዲያ ያለ ንፍሮ ከልጅነቴ ወዲህ አልቀመስኩም።

ኦብሳ የመጣው ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ነው። ከሌሎቻችን ያልተለየ የተሸፈነ ሰሃን ይዟል። መሬት ሲያስቀምጠው ተንኳኳ።

ሁላችንም ሰማን። አንዳንዱ ፊቱን አዞረ፤ አንዱ ደግሞ፣ ስሙን አልጠራም፣ ጉሮሮውን እንደ መጥረግ አድርጎ ሳል አለ። መንደሩ በሙሉ ሲሰጥ ያልሰጠው እሱ ብቻ እንደነበር ከዚያ ድምፅ በላይ የሚናገር አልነበረም። ኦብሳ ሰሃኑ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ይዞት ሊመለስ አልቻለም፣ ትቶት ሊሄድም አልቻለም።

"አላክሁም ብዬዎት ነበር፣ እትዬ" አለ።

"ብለኸኛል" አለች ሲፈን። "ያላመንኩህ እኔ ነኝ።"

ከነበረችበት ተነሳች። ከኛ ለስላሳ ንፍሮ አንድ ሰሃን አንስታ ሰጠችው፣ እጁን ይዛ አስቀመጠችው፣ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ እጇን ወደ እሱ ሰሃን ሰዳ እፍኝ ዘገነች። ጥርስሽን ልላት አፌን ስከፍት በዓይኗ ከለከለችኝ።

"የእናትህን ያኔ ሳልበላ ነው የጣልኩት" አለችው። "አሁን ልብላው።"

ድንኳኑ ውስጥ የሷ ጥርስ ብቻ ይሰማ ነበር። ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል አደቀቀችው። ኦብሳ አንገቱን ደፍቶ እሷ የሰጠችውን ይበላል። እፍኟን ጨረሰች፣ ውሃ ተጎነጨች፣ እጇንም እንደገና ወደ ሰሃኑ ሰደደች።